ሩዝ የተሰጣበት መናፈሻ

ሰሌዳውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ሁሉ ግማሹን ጥፋት እኔ እወስዳለሁ፤ ግማሹን ደግሞ አማርኛ ራሱ ይውሰድ።

ከመሥሪያ ቤቱ የደረሰኝ ደብዳቤ «የከተማው ሕዝብ መዝናኛና ማረፊያ ሥፍራ» ተብሎ እንዲጻፍ ያዝዛል። የተሰጠኝ ቆርቆሮ ግን የአንድ መስኮት መዝጊያ ያህል ነው። ፊደሉን ባሳንስ ከመንገድ አይነበብም፤ ባገዝፍ «የከተማው ሕዝብ መዝ» ላይ ቆርቆሮው ያልቃል። ሁለት ቀን ዞርሁት። ማንም ሳያስተምረኝ፣ በራሴ ጊዜ ግጥም እጽፍ ስለነበር ቃል መቁረጥን እንደ ሙያዬ አየው ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም ትቼ አንድ ቃል ብቻ በሰማያዊ ቀለም በትልልቁ ጻፍሁ፦ መናፈሻ። ከጎንደር የሚመጣውም፣ ከደብረ ታቦር የሚወርደውም ሾፌር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያነበዋል። ራቅ ብዬ አየሁትና ኮራሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ውጤት ካልመጣልኝ ወዲህ ወረታ ውስጥ ያልሞከርሁት ሥራ አልነበረም። ፎቶ ቤት ተቀጠርሁ፤ ሰው «ሳቅ በል» ሲባል ለምን እንደሚኮሳተር ደብተሬ ላይ ስጽፍ ደንበኛ እየጠበቀ ተባረርሁ። ባጃጅ ነዳሁ፤ ከወረታ መውጣት እፈልግ ነበር፤ ባጃጁ ግን ያው እዚያው እዚያው ነው፤ ተውሁት። ጥቃቅንና አነስተኛ በሚባለው ተደራጅተን ብሎኬት ማምረት ጀመርን፤ ሌሎቹ ቀጠሉ፣ እኔ ወጣሁ። አራት ወር የሞላሁበት ቦታ አልነበረም። እናቴ አዲስ ሥራ ያዝሁ ስላት እንኳን ደስ ያለህ ማለቱን ትታ «እስከ መቼ?» ነበር የምትለኝ። የመናፈሻው አትክልተኛ ሆኜ ስቀጠርም ያንኑ አለችኝ።

መናፈሻው የሁለቱ መንገዶች መገንጠያ አለፍ ብሎ፣ ጠበብ ያለ ረጅም ቦታ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ግማሽ አበባ፣ ችግኝና ስድስት አግዳሚ ወንበር አለው። የጀርባው ግማሽ ድሮ የእህል መጋዘን ነበረበት፤ ግድግዳው ፈርሶ የሲሚንቶ ወለሉ ብቻ ስለቀረ ሁለት ብረት ተክለን መረብ ኳስ ሜዳ ብለነዋል። ከሜዳው ኋላ ያለው ስርጥ መንገድ ወደ ሩዝ መፈልፈያዎቹ ይወስዳል። ቀኑን ሙሉ የወፍጮው ድምፅ አይቋረጥም፤ ገለባው ሲበን አበባዎቼ ላይ ያርፋል። ጧት ጧት ውኃ ከማጠጣቴ በፊት አራግፋቸው ነበር።

አለቃዬ ከአዲስ አበባ በዝውውር የመጣች ናት። ከእኔ በአሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብላት እጇን አወናጨፈችብኝ።

«ኧረ በናትህ አታስረጀኝ! አንቺ በለኝ።»

አንቺ ማለቱ ከአፌ አልወጣ ቢል «አለቃ» ማለት ጀመርሁ፤ እሷም «ገጣሚው» ትለኝ ነበር፤ ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹ ፌዝ። መናፈሻ ማለት ለእሷ ቀልድ አልነበረም። ልጅ ሆና አባቷ እሑድ እሑድ እጇን ይዞ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ይወስዳት እንደነበር ነግራኛለች። ወረታም እንደዚያ ያለ ዛፍ እንዲኖራት ትፈልግ ነበር። ዛፉ እስኪያድግ ግን ፕሮግራም አወጣች፦ ረቡዕ ጧት የአካል ብቃት እንቅስቃሴ፣ ዓርብ መረብ ኳስ፣ እሑድ የቤተሰብ ጨዋታ። ሁሉንም በእጄ ጽፌ በየመብራት ምሰሶው ለጠፍሁ።

ለሣሩም ማስታወቂያ አዘዘችኝ። እንደ ሌላው «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» ማለት አንገሸገሸኝና እንዲህ አልሁ፦

ሣሩን ብትረግጡት አይሞትም ይተኛል፤
እናንተ ስትሄዱ ማን ይቀሰቅሰዋል?

አለቃ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይሄ ክልከላ ነው ፈቃድ?»

«ልመና ነው» አልኋት።

ልመናም አላስፈለገም፤ የሚረግጠው አልነበረም። በመጀመሪያው ረቡዕ ጧት እጃችንን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን እያልን የሠራን እሷና እኔ ብቻ ነን። አንድ ባጃጅ ነጂ ቆም ብሎ አየን። አለቃ ደስ ብሏት «ና ግባ!» አለችው። «አይ፣ የጠፋባችሁ ነገር ካለ ላፈላልግ ብዬ ነው» ብሎ ሄደ።

ለምን እንደማይመጡ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ እዚሁ ነው ያደግሁት። በእኛ አገር በጠራራ ቀን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሆኗል። ለሙከራ ራሴ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት ሰው ቆሞ ጠየቀኝ። አንዱ «ምነው፣ አመመህ?» አለ። ሌላው «ማን ሞተ?» አለ። የአክስቴ ጎረቤት ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ ለእናቴ ነገረቻት። ሴት ልጅ ብትቀመጥማ ጥያቄው «ማንን ትጠብቃለች?» ነው፤ መልሱም ማታውኑ ከተማው ውስጥ ይፈለሰማል።

በየቀኑ በበሩ የሚያልፉ አንድ የኔታ ነበሩ፤ ጣራ ገዳም ተምረው እዚህ ደብር ውስጥ የሚያስተምሩ። አንድ ቀን በዘንጋቸው ሰሌዳውን ነካ አደረጉና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ምን ይሸጣል?»

«ምንም አይሸጥም፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምን ይሠራበታል?»

«ይታረፍበታል።»

«ከምን?»

መልሴን ግን አልጠበቁም፤ ሥራ ነበራቸው።

በኅዳር መጀመሪያ ግምገማ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ግምገማ የማይደረግበት ነገር አልነበረም፤ ተራው የመናፈሻው ደረሰ። ሩዝ የሚጭኑት የጭነት መኪናዎች መንገድ ዳር እየቆሙ መተላለፊያ ዘግተዋል፤ መቆሚያ ያስፈልጋቸዋል። ከመገንጠያው አጠገብ ደግሞ «አገልግሎት የማይሰጥ» ሰፊ ቦታ አለ። አለቃ ተከራከረች። ብዙ ተናግራ ያገኘችው አንድ ዕድል ነው፦ በታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ፣ ሐሙስ ቀን፣ ኮሚቴ መጥቶ በዓይኑ ያያል። ሰው ካለበት መናፈሻው ይቆያል። ባዶ ከሆነ አጥሩ ይፈርስና መኪናዎቹ ይገባሉ። እኔም የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆንሁ እሰናበታለሁ።

ይህን ስትነግረኝ ውኃ እያጠጣሁ ነበር። ቱቦውን እንደያዝሁ ቆምሁ፤ አንዱ ችግኝ ሥር ኩሬ ሠራ። በዚያች ቅጽበት ያስደነገጠኝ የሥራው መጥፋት አይደለም፤ ሥራ ማጣት ለምዶብኛል። ያስደነገጠኝ ስድስተኛ ወሬን መያዜና መሄድ አለመፈለጌ ነው። ሌላ ቦታ ሁሉ ሦስተኛው ወር ላይ እግሬን ይበላኝ ነበር። እዚህ ግን የትኛው ችግኝ ጧት ጧት እንደሚጠወልግ፣ የትኛው እንደሚያስመስል ለይቼ አውቃለሁ። ጉም ከሜዳው ላይ ተነስቶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ሲገልጣቸው ማየት እወዳለሁ። ሰው አይምጣበት እንጂ ቦታዬ ነበር። አሁን የግድ ሰው መምጣት አለበት።

አለቃ ለሐሙሱ ትልቅ የቤተሰብ ቀን አሰበች፦ የጆንያ ዝላይ፣ እንቁላል በማንኪያ ይዞ መሮጥ፣ በሠራተኞችና በመምህራን መካከል መረብ ኳስ። ዕቅዱን ለእኔ ትታ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ባሕር ዳር ሄደች።

በሄደች በሦስተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ አንዲት ሴትዮ አህያ እየነዱ በጀርባው በር ገቡ። አህያዋ ላይ ሁለት ጆንያ አለ። ቀና ብለው ሜዳውን አዩት፣ መረቡን በእጃቸው ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሠሩና አንዱን ጆንያ ገለበጡ። ሩዝ ነው፣ ገና ከነገለባው። ሮጥሁ።

«እመይቴ! እመይቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ላናፍስ ነዋ።»

«እዚህ አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም? ወፍጮ ቤቱ ‹እርጥብ ነው፣ ሲፈለፈል ይሰባበራል፣ ሂጂና አናፍሺው› አለኝ። እስከ ቁሐር ሚካኤል ልመልሰው ነው? የት ላርገው እያልሁ ስዞር መንግሥት አስቦበት ቦታ አበጅቷል። በዚያ በኩል በትልቁ ጽፏል፦ መናፈሻ።»

«እሱ እኮ...»

«አላነብም መሰለህ? በመሠረተ ትምህርት ከቀበሌያችን አንደኛ ነው የወጣሁ። መ፣ ና፣ ፈ፣ ሻ። ተሳሳትሁ?»

«አልተሳሳቱም። ግን መናፈሻ ማለት ሰው የሚናፈስበት ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። «ሰው ምን ሆኖ ይናፈሳል? ሻግቷል?»

ከዚያ በኋላ ማባረር አልቻልሁም። ሳቅ የጀመረ ሰው ሕግ አያስከብርም። «እስከ ቀትር ብቻ» አልሁ።

«ፀሐይን ንገራት እንጂ እኔን ምን ትነግረኛለህ? አንተሳ ማነህ?»

«የመናፈሻው ሠራተኛ ነኝ።»

«ታዲያ በል እንጂ፣ ያን ጆንያ ያዝ!»

ያዝሁ። ሩዙን በቀጭኑ በተንን፤ በባዶ እግራቸው እየሄዱ መስመር መስመር አወጡለት። የሲሚንቶው ወለል በታኅሣሥ ፀሐይ ወዲያው ይሞቃል። ከዚያ ሴትዮዋ ዞር ዞር ብለው አዩና ከፊት ካሉት አግዳሚዎች ወደ አንዱ ሄደው ወደ ሩዙ ዞረው ተቀመጡ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት። ወፍ ሲመጣ ያጨበጭባሉ፤ መንገደኛ ሲያልፍ ሰላም ይላሉ። ማንም «አመመዎት?» አላላቸውም። ማንም «ማንን ይጠብቃሉ?» አላለም። ስጥ እየጠበቁ ነው፤ ስጥ መጠበቅ ደግሞ ሥራ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ያጣሁት ይህ ነበር። ወንበሩ ምንም አልጎደለውም፤ ሰው የሚቀመጥበት ምክንያት ነው የጎደለው።

በነጋታው ሦስት ሴቶች መጡ። «መንግሥት የሩዝ መናፈሻ ሠራ የተባለው እዚህ ነው?» አሉኝ። ምን ልበል? «ነው» አልሁ። በሳምንቱ ስምንት ሆኑ። ወለሉን ራሳቸው ተከፋፍለው ድንጋይ ደርድረው ድንበር አበጁ። እኔ የጆንያ ዝላይ ለማዘጋጀት ጆንያ ስፈልግ ከርሜ ነበር፤ አሁን ጆንያ መራመጃ አሳጣኝ።

ስጥ ባለበት ሰው ይሰበሰባል። ባሎቻቸው ገበያ ውለው መጥተው አጥሩ ሥር ገበጣ መጫወት ጀመሩ፤ መሬቱን ቆፍረው ጉድጓዶቹን ራሳቸው ሠሩ። ሳይተያይ የከረመ ዘመድ ዘመዱን «መናፈሻው ጋ እንገናኝ» ማለት ጀመረ። ልጃገረዶችም መጡ፤ የአክስታቸውን ስጥ ለመጠበቅ ነዋ። አክስት የሌላቸው አንድ ሁለት ልጆችም ሳይመጡ አልቀሩም።

የኔታ እንኳ ገቡ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ፣ እመይቴ፣ ጨው ሊገዙ ሲሄዱ «እስክመለስ ዓይንዎን ጣል ያድርጉልኝ» ስላሏቸው ነው የገቡት። ጨው ለመግዛት እመይቴ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። የኔታ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ፀሐይ አሞቁ። ሣሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያዬን አነበቡና ጠሩኝ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ቤት ይመታል» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ጨመሩ፦ «ግን ውስጡ ሰው የለበትም።»

እመይቴ ከተመለሱም በኋላ የኔታ አልተነሱም። በማግሥቱ ሳይጠሩ መጡ።

መምህራኑ ለሐሙሱ መረብ ኳስ ሊለማመዱ ዓርብ ሲመጡ ጭቅጭቅ ተነሳ። አብዛኞቹ ከሌላ ዞን በምደባ የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ረጅም የሒሳብ መምህር «ይህ ሜዳ ነው ወይስ ጎተራ?» ብሎ ጮኸ። እመይቴ ሳይነሱ መለሱለት።

«አንተ ረጅሙ፣ እስካሁን መጥተህ አታውቅም አሉ፤ ዛሬ የእኔን ሩዝ ስታይ ነው ኳስ ያማረህ?»

በመጨረሻ ሴቶቹ ግማሹን ወለል ለቀቁላቸው፤ በአንድ ሕግ። ኳስን ሩዝ ውስጥ የጣለ ተጫዋች ጫማውን አውልቆ የዚያችን ሴት ስጥ ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ያገላብጣል። ሕጉን ያወጡት እመይቴ ናቸው፤ ዳኛም እሳቸው ሆኑ። ረጅሙ መምህር በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ አገላበጠ። አምስተኛው ላይ ሴቶቹ እልል አሉለት። ከዚያ ወዲህ ኳስ ሩዝ ላይ በገባ ቁጥር ከተማው ሁሉ ሊያይ ይመጣ ጀመር፤ አንዳንዱም ሆን ብሎ የሚጥል ይመስለኛል።

አለቃ ማክሰኞ ከሰዓት ተመለሰች። ሐሙስ ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰው ነው፣ አለቃ» አልሁ በኩራት። «ሰው መጣ።»

«ሰውማ ይታየኛል። መሬቱን ነው የምጠይቅህ። አውድማ አድርገኸው ጠበቅኸኝ? እኔ ኮሚቴውን አሳምኜ ያስመጣሁት መናፈሻ አሳያችኋለሁ ብዬ ነው እኮ! መጥተው ይሄን ሲያዩ ‹ጥሩ፣ ከሩዙ ጋር መኪናውም ይግባ› ነው የሚሉት።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። እውነቷን ነው። መኪናዎቹን ያመጣብን ሩዝ ነው፤ እኔ ደግሞ ሩዙን አስቀድሜ አስገብቼላቸዋለሁ።

«እስከ ሐሙስ ጧት ባዶ ይሁን» አለች። «አንዲት ፍሬ እንዳላይ።»

ለሴቶቹ ስነግራቸው ክፉ አልሆኑም። እመይቴ «እንጀራህ ከሆነ ረቡዕ ማታ እናነሳለን፤ ፀሐይ ካለ እስከዚያ ይደርቃል» አሉ። ፀሐይ አልነበረም። ረቡዕ ከሰዓት፣ በታኅሣሥ፣ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት ከጣና በኩል ደመና መጣና ዝናቡን አወረደው። ስጥ ያለው ሁሉ ሮጠ። እኔም፣ የኔታም፣ ገበጣ ተጫዋቾቹም በጆንያ፣ በነጠላ፣ በእጅ አፈስን። ግማሹን አዳንን፤ ግማሹ ራሰ።

ሐሙስ ጧት ሰማዩ ጠርቷል። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንድ ሴቶች ከነጆንያቸው በሩ ላይ ቆመዋል። የራሰ ሩዝ ታስሮ አይውልም፤ ይበቅላል፣ ይሸታል። የዓመት ልፋት ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ማንም ግን ከአፉ አላወጣውም። እመይቴ ብቻ «አንተን ነው የምናየው» አሉኝ። አለቃን አየኋት። እሷ ሴቶቹን አየች፤ ከአንዱ ጆንያ ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ አየች።

«ይግቡ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ወዲህ እያለች ታሠለጥናቸው ጀመር። «ኮሚቴዎቹ እዚህ ምን ትሠራላችሁ ካሏችሁ ‹እየተዝናናን ነው› በሉ። እሺ? ሩዙ እግረ መንገዱን ነው፤ እናንተ የመጣችሁት ለመዝናናት ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። እመይቴ ወገባቸውን ያዙ።

«እኔ ነኝ በአገር ፊት ሥራ ፈት ነኝ የምል?»

«ሥራ ፈት አልወጣኝም፣ እማማ። መዝናናት ነው ያልሁት።»

«ያው ነው። ልጆች ያሳደግሁ፣ ቤት የማስተዳድር ሴት ነኝ። ከፈለግሽ አንቺ ተዝናኚ፣ እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ።»

ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ መጣ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ፣ ጃንጥላ የያዙ፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። የጆንያ ዝላይ የለም፤ ጆንያው ሁሉ ተዘርግቶ እየደረቀ ነው። እንቁላልና ማንኪያውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። ሰብሳቢው መጀመሪያ ያገኙት የኔታን ነው፤ ጫማቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተደላድለዋል።

«እንደምን አደሩ፣ የኔታ። እዚህ ያዘወትራሉ?»

«እኔ? እኔ እያለፍሁ ነው» አሉ የኔታ፣ እግራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

ቀጥለው ወደ እመይቴ ሄዱ። አለቃ ተከተለቻቸው። እኔም።

«እርስዎስ እመይቴ፣ ሊዝናኑ ነው የመጡት?»

«ሩዝ ላናፍስ ነው የመጣሁ፣ ጌታዬ። ሰሌዳው አናፍሱ ይላል።»

«ካናፈሱ በኋላ ይሄዳሉ?»

እመይቴ አሰብ አደረጉ። «ያለፈው ጊዜ ደርቆ ሲያበቃ እስከ አሥር ሰዓት ቆየሁ።»

«ለምን?»

«ጨዋታው አላለቀማ!»

በዚያው ቅጽበት ኳሱ መጥቶ የአንዷ ስጥ ላይ አረፈ። ረጅሙ መምህር ማንም ሳያዘው ጫማውን አወለቀና ሩዙን በእግሩ ማገላበጥ ጀመረ፤ ዙሪያውን ያለው ሰው በጭብጨባ ይቆጥርለታል። ሰብሳቢው ጠጋ ብለው «ምን አጥፍተህ ነው?» አሉት። ሕጉን ነገራቸው። ሰብሳቢው ጃንጥላቸውን አጥፈው ረጅም ጊዜ ቆመው አዩ። ሳቁ ማለት አልችልም፤ ከንፈራቸው ግን ተንቀሳቅሷል።

ከዚያ ወደ እኛ መጡ። «ሰው አለ። ክጄ አልጽፍም» አሉ። አለቃ ልትዘል ደረሰች። «መኪናዎቹም ግን አሉ። እነሱንም ክጄ አልጽፍም። ቦታው ለሁለት ይከፈል። አንዱን ግማሽ ለመኪና እንወስዳለን፤ አንዱ ለእናንተ ይቀራል። የትኛው ይቅር?»

የአለቃ ዓይን በመንገዱ በኩል ያለው ግማሽ ላይ ነው፦ አበባው፣ ችግኞቹ፣ አንድ ቀን ትልቅ ዛፍ ይሆናል ያለችው ሁሉ። በጀርባ በኩል ያለው ሲሚንቶ፣ የተቀደደ መረብና ሩዝ ነው። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ንገራቸው» አለች በቀስታ። «ውኃ ያጠጣኸው አንተ ነህ።»

ችግኞቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ ብያለሁ። ከእነሱ ጋር ስድስት ወር ብቻዬን ስውል አንድም ቀን አልሰለቸኝም። ወደ ሜዳው ስመለከት ግን ሰው ነበር፤ ወደ አበባው ስመለከት አልነበረም።

«የጀርባው ይቅርልን» አልሁ።

ሰብሳቢው ጻፉ። አለቃ ዓርብ አልመጣችም፤ ቅዳሜም አልመጣችም። እኔ ሁለቱን ቀን ችግኝ እየነቀልሁ ወደ ጀርባው አጥር አዛወርሁ። ሥሩን ከነጥቁር አፈሩ ማውጣት ቀላል አይደለም፤ ዋልካ ሲደርቅ እንደ ብሎኬት ነው። የሚበዙት አልጸደቁም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። የአንድ ዓመት ኮንትራት የፈረምሁት በዚያ ሰሞን ነው፤ እጄ ላይ ገና ጭቃ ነበር።

ሰኞ ወንበሮቹን ልናሻግር ስንነሳ አለቃ መጣች። ሱሪዋን ወደ ላይ ጠቅልላለች፤ የሥልጠና ፋይሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣለች። ከእመይቴ ጋር በአንድ በኩል አንዱን አግዳሚ ያዙ፤ እኔና ረጅሙ መምህር በሌላው በኩል። መሐል መንገድ ላይ ሴቶቹ ደከመን ብለው አስቀመጡትና ተቀመጡበት። መምህሩና እኔ ቆመን ጠበቅን።

ሜዳው ዳር ስንደርስ ሌላ ክርክር። አለቃ ወንበሩ ወደ ተራራው ይዙር አለች፤ ዕይታ አለው። እመይቴ ወደ ሩዙ ይዙር አሉ፤ ተራራውን ወፍ አይበላውም። ተከራከሩ፣ ወንበሩም ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረ፣ እኛም አብረን ዞርን። በመጨረሻ ወደ ሩዙ ዞሮ ተተከለ። አለቃ ላቧን ጠርጋ ልትሞክረው ተቀመጠች። ፊቷ ላይ መከፋቱም ገና አለ፤ ሌላም ነገር መጥቷል።

እመይቴ ጎኗን ጎሸም አደረጓት።

«ዝም ብለሽ አትቀመጪ እንጂ! ያውልሽ፣ ርግቧ ሩዜን ጨረሰችው።»

አለቃ ያለ የሌለ ኃይሏን አሰባስባ፣ ከባሕር ዳር ይዛው በመጣችው የሥልጠና ፋይል እግሯን እየመታች «እሽ! እሽ በይ!» አለች፤ ርግቧም ተነስታ መረቡ ላይ አረፈች።